ድልድዩ ፈርሷል፤ ቀስ ብለው ይለፉ

እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነበር፤ ሰው ግን «እትዬ ድልድይ» ይላት ነበር። ጤና ጣቢያ ሄዳ ወረፋ ስትጠብቅ በካርዱ ላይ ባለው ስሟ ሲጠሯት፣ ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰላት ቁጭ ብላ የምትቀርበት ጊዜ ነበር። ይሄኛው ስም የወጣላት ከሻይ ቤቷ ነው። ሻይ ቤቷ ከድልድዩ አፍ ላይ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብላ፣ በጣውላና በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል ነበረች። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከምድጃው ላይ የማትወርድ የጠቆረች ማንቆርቆሪያ፤ ሀብቷ ይኸው ነው። አውቶቡሶች ከመሻገራቸው በፊት እዚያ ይቆማሉ። ተሳፋሪው እግሩን ያፍታታል፣ ሻይና ዳቦውን ይቀምሳል፣ ሾፌሩ ጎማውን በጫማው መታ መታ እያደረገ ይዞራል። ሰው ሲቀጣጠር «የት እንገናኝ?» ከተባለ መልሱ «እትዬ ድልድይ ጋ» ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ።

ባሏ ልጃቸው ገና ድክ ድክ ስትል በሳንባ በሽታ ሞተባት። ሌላ ሰው አላገባችም። ልጅቷን በሻይ አሳደገቻት ማለት ይቻላል። ልጅቷም አድጋ ከወንዙ ማዶ ያለ አንድ አናጢ አገባች። ጎረቤት «አንድ ልጅሽን ሸኘሻት?» ሲላት፣ «ምን ሸኘኋት፤ እዚያ ብታነጥስ እዚህ ይማርሽ የምላት» ትል ነበር። እውነቷን ነው። ከሻይ ቤቷ ደጃፍ ቆማ ስታይ የአናጢው ቤት ጣሪያ ፀሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ በሯን ገርበብ አድርጋ ድልድዩን ትሻገርና፣ ልጇ ዘንድ አረፍ ብላ፣ የሚቀጥለው አውቶቡስ ሳይደርስ ትመለስ ነበር።

ድልድዩ ግን አርጅቶ ነበር። ከሥሩ የተሰነጠቀ ቦታ እንዳለው ሁሉም ያውቃል። የመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች እየመጡ ያዩታል፣ ይለኩታል፣ ፎቶ ያነሱታል፣ እሷ ጋ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። ዛሬ ነገ ሲባል አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ከረመ፤ በአንድ እሑድ ቀትር ላይ እትዬ ድልድይ ብርጭቆ እያለቀለቀች ሳለ፣ በሳፋው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች በሙሉ እርስ በርስ ተንጫጩ። መብረቅ መሰላት። ወጥታ ስታይ የድልድዩ መሐል የለም። ከዚህም ከዚያም ጫፉ ብቻ ቀርቷል፤ የብረት ዘንጎቹ ተጣመው ወንዙ ላይ ተንጠልጥለዋል። እንደ ዕድል ሆኖ ድልድዩ ማንንም ይዞ አልወረደም። ሰው ሁሉ ወጥቶ «ተመስገን» አለ። እሷም አብራ «ተመስገን» ካለች በኋላ ነው ማዶ ማዶውን አይታ ክው ያለችው። ልጇ ከዚያኛው ጫፍ ቆማ በሁለት እጇ ራሷን ይዛ ታያታለች።

ምልክቱ የመጣው ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። የምልክቱን ታሪክ ያወራላት ተክሎት የሄደው ሠራተኛ ነው፤ ሲያወራም እንባው እስኪፈስ ይስቅ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ድልድዩ ገና ሳይወድቅ ጽሕፈት ቤቱ «ድልድዩ ተጎድቷል፤ ቀስ ብለው ይለፉ» የሚል ሰሌዳ አጽፎ ነበር። ሰሌዳው የሚተከልበት ፊርማ ሲጠበቅ ድልድዩ ቀደመውና ወደቀ። አዲስ ማጻፍ ደግሞ ሌላ ፊርማ ነው። ስለዚህ «ተጎድቷል» የሚለውን በነጭ ቀለም አጥፍተው «ፈርሷል» ብለው ጻፉበት፤ የቀረውን ማን ልብ ይበለው። ከሥሩ ደግሞ ያ ጽሕፈት ቤት በሚያወጣው ሰሌዳ ሁሉ ላይ የማትቀር አረንጓዴ ጽሑፍ አለች። በዚህ አኳኋን መንገዱ ዳር የቆመው ትልቅ ቢጫ ሰሌዳ እንዲህ ይል ጀመር፤

ድልድዩ ፈርሷል
ቀስ ብለው ይለፉ
መልካም ጉዞ

መጀመሪያ የደረሰ የጭነት መኪና ሾፌር አቁሞ ወረደ፤ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ እስከ ጫፉ ሄዶ ወንዙን ቁልቁል አየ፤ ተመልሶ መጣና ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ «እትዬ፣ በየት በኩል ነው ቀስ የሚባለው?» አላት። እትዬ ድልድይ ያን ቀን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ድልድዩ ከወደቀ ወዲህ መጀመሪያ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተዛመተ። አንዱ ፎቶ አንስቶ በስልኩ ይልካል፣ የተላከለት ለሌላው ያሻግራል። ሰው ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ይሄን ምልክት ብሎ ይመጣ ጀመር። ከሰሌዳው ሥር ይቆሙና በሳቅ ይፈርሳሉ። «ማለፋችን ካልቀረ ቀስ ብለን እንለፍ ነው እኮ የሚለው!» ይላል አንዱ። «መልካም ጉዞ ማለቱስ፣ እዚያ ቤት ለሚሄድ ሰው!» ይላል ሌላው። በዚያ መንገድ ለብዙ ዘመን የሠራ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ደግሞ ያየውን ምልክት ሁሉ እየዘረዘረ ሻይ ቤቱን ያስቅ ነበር። በመቃብር ቦታ አጥር ላይ «ፍጥነትዎን ይቀንሱ፤ እንጠብቅዎታለን» የሚል አይቷል። «ጠጥተው አይንዱ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ፣ ከሥሩ አረፋው የሚፈስ የቢራ ብርጭቆ ተስሎበት፣ ይህን ምክር የለገሰዎ የቢራ ፋብሪካችን ነው ይላል። «ሰዎች በሥራ ላይ ናቸው» የሚለው ሥር ደግሞ ሠራተኞቹ ተኝተው አይቷቸዋል። «የዚህኛውን ያህል ግን አላየሁም» ይል ነበር፣ በመስኮቱ ወደ ቢጫው ሰሌዳ እያየ።

ጽሕፈት ቤቱ ለድልድዩ ጠባቂ ሲፈልግ ቅርብ ያለችው እሷ ሆነችና ተቀጠረች። ብርቱካንማ ሰደርያና ቀይ ጨርቅ ሰጧት። ሥራዋ መንገዱ ላይ ቆሞ መኪናውን ወደ ተለዋጩ መንገድ መመለስ ነው። ተለዋጩ መንገድ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ፣ በኮረብታው ዞሮ፣ ውሃው ከሚሳሳበት ቦታ ላይ የሚያሻግር የጭቃ መንገድ ነው፤ በበጋ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በክረምት የፈጣሪ ፈቃድ ነው። እሷ ግን ብዙም አትደክምም ነበር። ያላቆመ መኪና የለማ። ሰሌዳውን ያየ ሁሉ አቁሞ ይወርዳል፤ ስቆ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ሻይዋን ጠጥቶ፣ መንገዱን ጠይቆ ይመለሳል። ስልካቸውን ይሰጧትና እሷ ታነሳቸዋለች። «ሰሌዳው እንዳይቆረጥ፣ እትዬ» ይሏታል። እሷም ጎንበስ ቀና እያለች ፎቶ ማንሳት ለመደች። አንዳንዱ ደግሞ ሰደርያዋን እንደለበሰች ከጎኑ አቁሞ ይነሣል። ሾፌሮችና መንገደኞች፣ ድልድዩ ፈረሰ እንጂ እትዬ ድልድይ አልፈረሰች ይሏት ነበር፤ ደስ ይላታል።

ከልጇ ጋር የሚገናኙት እንግዲህ በዓይን ነው። የወንዙ ድምፅ ከፍ ስለሚል ተጠራርቶ መሰማማት አይቻልም። ስለዚህ እናት ከዚህኛው ጫፍ፣ ልጅ ከዚያኛው ጫፍ ይቆሙና፣ እየተያዩ በስልክ ያወራሉ። «ምን ለብሰሻል? ቀለሙ ጠፋኝ» ትላታለች እናት። ልጅ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ታሳያታለች። ካገባች ብዙ ጊዜ ቆይታ ፅንስ አልያዝ ብሏት የነበረች ልጅ፣ ድልድዩ በወደቀ በዓመቱ አረገዘች። ያን ቀን በስልክ ምንም ሳትል ወደ ጎን ዞራ ቆመችና ቀሚሷን በሁለት እጇ ወደ ኋላ ሰብስባ ሆዷን አሳየቻት። እትዬ ድልድይ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እንደዚያ በጎን እየቆመች ታሳያት ነበር፤ እናትየውም ከማዶ ሆና «ከፍ ብሏል፣ ወንድ ነው» ትላለች።

ጤና ጣቢያው ያለው በዚህኛው በኩል ነው። ከሻይ ቤቷ በእግር ቢሄዱ አንድ ዘፈን ዘፍነው የማይጨርሱበት ቦታ። እናት ልጇን ወሯ ሳይደርስ በተለዋጩ መንገድ አምጥታ ከራሷ ጋ ልታስቀምጣት አስባ ነበር። አናጢው ግን እሺ ይልና ይተወዋል፤ ጊዜው ገና ነው ይላል፤ በክረምት በዚያ መንገድ እርጉዝ አይንገላታም ይላል። ምጡ ሳይታሰብ፣ ቀኑ ሳይሞላ፣ አንድ ማለዳ መጣ።

አናጢው ደውሎ አንድ ሽንኩርት ነጋዴ በጭነት መኪናው ሊያመጣቸው እንደተነሣ ሲነግራት፣ እትዬ ድልድይ ሰደርያዋን እንደለበሰች ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች። ለነርሷ ነገረቻት፤ አልጋ አስዘረጋች፤ ከበሩ ላይ ቆመች። ዝናቡ አንዴ ይመጣል አንዴ ይተዋል። ትደውላለች፤ «ኮረብታው ጋ ነን» ይላታል። ትደውላለች፤ «ጎማው ሰጥሟል፣ እየገፋን ነው» ይላታል። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ቀትር አለፈ። ነርሷ ወጥታ ግቢ ተቀመጪ ብትላት ስቀመጥ እግሬን ይቀዘቅዘኛል ብላ ቆመች።

መኪናው ሲደርስ ከመንኮራኩሩ እስከ ጣሪያው ጭቃ ብቻ ነበር። ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አወረዷት፤ ዓይኗ ክፍት ነው፣ ማንንም አያይም። አናጢው ከኋላዋ ወረደ። በሁለት እጁ ትንሽ ጥቅል ይዟል። ለማን እንደሚሰጣት ሳያውቅ ዝናቡ ላይ ቆመ። እትዬ ድልድይ ጥቅሏን ተቀበለችው። ወንድ ነበር። መኪናው ውስጥ ተወልዶ፣ ሳያለቅስ ነው የቀረው። ነርሷ አይታው፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ» ብላ ጀመረችና የእትዬ ድልድይን ፊት ስታይ ዋጠችው።

ልጅቷ ተረፈች። ስትጠነክር በመጣችበት መንገድ ተመለሰች። አናጢው ከዚያ በኋላ አማቱን ፊት ለፊት ማየት አልሆንለት አለ፤ ከማዶም ቢሆን ልጅቷ ከድልድዩ ጫፍ መቆም ተወች። ስትደውልላት «ደህና ነኝ እማዬ» ብላ ትዘጋዋለች።

እትዬ ድልድይ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ሌላ ምን ታደርጋለች። ሰው አሁንም ይመጣል፤ አሁንም ይስቃል። እነሱ ምን ያውቃሉ። ሰርግ ለማጀብ የሚሄዱ ልጃገረዶችና ጎረምሶች በሁለት መኪና መጥተው ወረዱ፤ አበባ አድርገዋል፤ ደስ የሚሉ ልጆች ናቸው። ስልክ ሰጧትና ከሰሌዳው ሥር ተደረደሩ። አንዱ ጎረምሳ ዓይኑን ጨፍኖ እጆቹን ደረቱ ላይ አነባብሮ እንደ ሬሳ ተንጋለለ፤ ጓደኞቹ ቀስ ብለው ተሸክመው ወደ ጫፉ የሚወስዱት መሰሉ። «እትዬ፣ ሲያልፍ አንሺው!» አለች አንዷ። እትዬ ድልድይ ስልኩን እንደያዘች ቆመች። ስልኩን መሬት ላይ ቀስ ብላ አስቀምጣላቸው ወደ ሻይ ቤቷ ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው። ልጆቹ ደንግጠው ጥቂት ቆዩና ሄዱ።

በማግስቱ ወደ መንገድ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ከዚያ ቀደምም ሄዳ ታውቃለች። ድልድዩ መቼ ይሠራል ብላ ደጅ ጠንታለች፤ ተለዋጩን መንገድ ጠጠር አልብሱት ብላ ደጅ ጠንታለች፤ አንዱም ጠብ ያለላት ነገር የለም። አሁን የመጣችው ግን ለሰሌዳው ነው። ኃላፊው፣ አጭር ወፈር ያለ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው፣ ቢሮው አስገብቶ አስቀመጣት። ሰሌዳውን ልታስነሣ እንደመጣች ስትነግረው መጀመሪያ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። ቀጥላ የልጇን ነገር ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«ሰው እንዲስቅበት አልፈልግም» አለችው። «ድልድዩን አልለምንዎትም፤ እሱን ትቼዋለሁ። ያን ጽሑፍ ብቻ ያንሡልኝ። እንደ ሰው ወግ ያለው፣ የማያስቅ ነገር ይጻፍበት።»

ኃላፊው ብዙ አሰበ። ከዚያ እሷም ያልጠበቀችውን ነገር ነገራት። ፎቶው የበላዮቹ ዘንድ ደርሶ በስብሰባ መሐል ስቀውበታል፤ እሱም ሰሌዳው እንዲነሣለት ሰበብ ሲፈልግ ነው የከረመው። «እትዬ፣ ድልድይ ቢጠይቁኝ አልችልም፤ መንገድ ቢጠይቁኝ አልችልም» አላት። «ይሄን ግን እችላለሁ። በደንቡ መሠረት የተሠራ ምልክት አቆምልዎታለሁ።» እትዬ ድልድይ ከወንበሯ ተነሥታ ጎንበስ ብላ አመሰገነችው። ወደ ቤቷ ስትመለስ ልቧ ቀለል ብሎት ነበር። በሕይወቷ መንግሥትን ለምና ያገኘችው ነገር ይኸው አንድ ብቻ ነው።

ሠራተኞቹ በቃላቸው መሠረት መጡ። ቢጫውን ሰሌዳ ነቀሉት፤ መኪናቸው ላይ ከመጫናቸው በፊት እነሱም ለመጨረሻ ጊዜ ተሰብስበው ፎቶ ተነሡበት። በምትኩ ትንሽ፣ ክብ፣ ቀይና ነጭ የሆነ፣ ንጹሕ ምልክት ቆመ። ከሥሩ «መንገድ ዝግ ነው» ይላል። ምንም አያስቅም። እሷ በመንገዱ ላይ ደርድራው የነበረውን ድንጋይና የዛፍ ቅርንጫፍ ደግሞ ከደንብ ውጭ ነው ብለው ጠርገው ወደ ዳር ጣሉት። ሰደርያዋንና ቀይ ጨርቋን አስፈርመው ተቀበሏት። ደንበኛ ምልክት ካለ ጠባቂ አያስፈልግም፤ መመሪያው እንደዚያ ይላል አሏት። እሷም አልተከራከረችም።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። «መንገድ ዝግ ነው» የሚል ምልክት በዚያ አገር መንገድ ሁሉ ላይ ሞልቷል። አንድ ጊዜ ጥገና ሲደረግ ይተከላል፤ ጥገናው አልቆ መንገዱ ከተከፈተ በኋላም የሚነቅለው የለም። ዝግ ነው በሚል ምልክት ሥር አውቶቡስ በየቀኑ ይከንፋል። ሾፌር የሆነ ሰው ያን ምልክት ሲያይ እግሩን ከነዳጁ ላይ አያነሣም። እትዬ ድልድይ ይሄን አታውቅም ነበር፤ መኪና ነድታ አታውቅማ። መጀመሪያ ሰሞን ከልምድ ብዛት እየወጣች በባዶ እጇ ታስቆም ነበር። ከዚያ ጉልበቷ ያማት ጀመር፤ የሚመጣውም መኪና እየቀነሰ ሄደ፤ ለሳቅ ብሎ የሚመጣ ሰው የለምና።

ጭጋግ በወረደበት አንድ ማለዳ ምድጃዋን እያያያዘች ሳለ የሞተር ድምፅ ሰማች። ጆሮዋ ለረጅም ዘመን መኪና ሲቆም የሰማ ጆሮ ነው፤ ይሄኛው እንደማይቆም ወዲያው ታወቃት። ክብሪቱን ጥላ ወጣች። «ቁም!» ብላ ጮኸች። በጭጋጉ ውስጥ ቀይ የኋላ መብራት ሲያልፍ አየች። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ፣ ቀጥሎም የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ። እስከ ጫፉ ሄደች። ጭጋጉ ሲገለጥ ከታች ያለው ውሃ ነጭ በነጭ ሆኖ ታያት። መኪናው የጫነው የስፖንጅ ፍራሽ ነበር፤ በላስቲክ እንደተጠቀለሉ ገመዱ ተበጥሶ፣ አንዱ ድንጋይ ላይ ተጥሎ፣ አንዱ በውሃው እየተገላበጠ ይሄዳል። ሾፌሩን ያወጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ብቻውን ነበር።

ፖሊሶች መጡ፤ ጠየቋት፤ ያየችውን ተናገረች። ኃላፊውም መጣ። ምልክቱን ከፊትም ከጎንም ፎቶ አነሣው። ምልክቱ በቦታው አለ፣ ይነበባል፣ በደንቡ መሠረት ነው እያለ ለፖሊሶቹ ሲናገር ትሰማዋለች። ሲመጣም ሲሄድም ወደ እሷ አላየም። እሷም አላየችውም። ማንን ትውቀስ?

ከቀብሩ በኋላ የሟቹ ወንድም መጣ። ወጣት ነው፤ ፂሙ አድጓል። ቦታውን ላየው ብሎ ነው የመጣው። ጫፉ ላይ ብዙ ቆሞ ወደ ሻይ ቤቷ ገባ። ሻይ ቀዳችለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።

«እናቴ» አላት በመጨረሻ፣ «ያ የሚያስቀው ምልክት የቱ ጋ ነበር?»

በእጇ ወደ ውጭ አሳየችው። የሰሌዳው እግር የነበረበት ጉድጓድ አሁንም አልተደፈነም።

«ፎቶውን እኔ ነኝ የላክሁለት» አለ። «ሲስቅ ሲስቅ አብሮት የነበረው ሰው አብዷል ብሎት ነበር። በዚህ መንገድ ልሄድ ነው ሲለኝ ድልድዩ ፈርሷል አልሁት፤ አውቃለሁ፣ ምልክቱ ጋ ስደርስ እታጠፋለሁ አለኝ። ያን ዕለት ማለዳም ደወለልኝ። ጭጋግ ነው፣ ምልክቱ ጋ ስደርስ ከሥሩ ቆሜ ፎቶ እልክልሃለሁ አለኝ። ምልክቱን እየጠበቀ ነው የሄደው።»

እትዬ ድልድይ የያዘችውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ልትቀመጥ ፈልጋ አልተቀመጠችም።

«ያስነሣሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። «ለምን?»

«ሰው ሲስቅበት አልችል አልኩ።»

ወጣቱ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። አልተቆጣም። ብርጭቆውን ወደ መሐል ገፋ አደረገው፤ ሻዩ እንደተቀዳ ነው። «እሱ ሳቅ ይወድ ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ተነሥቶ በተለዋጩ መንገድ ሄደ። እሷ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም። ማንቆርቆሪያዋ ውሃው አልቆ እስኪሸት ድረስ አግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳለች ነበረች።

ጽሕፈት ቤቱ በዚያው ሰሞን አፈር አምጥቶ መንገዱ ላይ ከመረ። አሁን ምልክትም አያስፈልግም። ይሄ ቀድሞ ቢደረግ ኖሮ ብሎ ያሰበ ሰው ብዙ ነበር፤ ጮክ ብሎ የተናገረ ግን የለም። በቀጣዩ ክረምት ክምሩ ሣር አበቀለበት። አዲሱ ትልቅ መንገድ በኮረብታው ወዲያ በኩል ሊወጣ እንደሆነ፣ ይሄኛው ድልድይም ከዕቅድ እንደተሠረዘ በሬዲዮ ተነገረ። እትዬ ድልድይ ዜናውን የሰማችው ዳቦ ስትቆርጥ ነው፤ ዳቦውን መቁረጧን አላቆመችም።

አናጢው መንገዱ ከተቆረጠ ወዲህ ጣውላ የሚያመጣለት አልነበረም። በሚቀጥለው በጋ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሊሄዱ ተነሡ። ልጇ ያን ቀን ከብዙ ጊዜ በኋላ ከማዶ ጫፍ መጥታ ቆመች። በስልክ አወሩ። እናትየው ደርሰሽ ደውይልኝ፣ እግርሽን እንዳይበርድሽ፣ ባልሽን አትቀየሚው እያለች ብዙ ተናገረች። ልጅቷ ትሰማለች። «እማዬ፣ በቃ ግቢ» አለቻት በመጨረሻ፤ «ንፋስ ነው።» እናትየውም ገባች። ከሳምንት በኋላ የማዶው ቤት ጣሪያ ተነቅሎ ተሸጠ።

ሻይ ቤቷ ጥቂት ጊዜ ተንገዳግዳ ተዘጋች። አውቶቡስ በማያልፍበት መንገድ ሻይ ለማን ይፈላል። አሁን አዲሱ መንገድ ከሚነሣበት መገንጠያ ላይ ባለ አንድ ትልቅ ምግብ ቤት፣ ከኋላ በኩል፣ ዕቃ ታጥባለች። ባለቤቱ ደግ ሰው ነው፤ ከማድ ቤቱ አጠገብ የምታድርባት ትንሽ ክፍል ሰጥቷታል። መስኮት የላትም እንጂ ሞቃት ናት። ልጇ አንዳንዴ ትደውላለች። ሌላ ልጅ አልመጣም፤ ሐኪሙ ምን እንዳላት አንድ ጊዜ ነግራታለች፤ ደግማ አላነሣችውም።

በቅርቡ ስትደውል እማዬ ልመጣ ነበር ብላት ነበር። ባሏ ሥራው አልለቅ አለው፣ መንገዱም ሩቅ ሆነ፣ ዘንድሮ አይሆንም አለቻት።

«ተይው፣ አትንገላቺ» አለች እናትየው። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ይዛ ሳህኑን ማለቅለቋን ቀጠለች። ከዚያ ልጅቷ ሂሳቤ ሊያልቅ ነው ብላ ዘጋችው።